ሬይድ 5 ላይ አንድ ዲስክ ወድቋል፣ ሌላው እያስጠነቀቀ ነው፤ ምን ላስቀድም?

ሰርቨር_ክፍል (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ሰርቨር በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው፤ የተረከብኩትም በቅርቡ ነው። ማሽኑ ዴል ፓወርኤጅ አር730፣ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ኮንትሮለር ፐርክ ኤች730 ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞሩ፣ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ ስድስት ኒርላይን ሳስ ዲስኮች አሉት፤ ስድስቱም በአንድ ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢወድቅ ይዘቱ ከቀሩት የሚሰላበት ስብስብ) ተጠቃለዋል። ሁለት ስሎቶች (የዲስክ ማስገቢያዎች) ባዶ ናቸው።

ስሎት 3 ላይ ያለው ዲስክ ወድቋል። ስሎት 5 ገና ባይወድቅም ሊወድቅ እንደሚችል ኮንትሮለሩ እያስጠነቀቀ ነው፤ የተመዘገበበት የሚዲያ ስህተት 41 ደርሷል። ስብስቡ ጎደሎ ሆኖ ይሠራል። ሠራተኞች ፋይል ይከፍታሉ፣ ሒሳብ ክፍልም ሥራውን አላቆመም።

የሒሳብ ዳታቤዙ በየሌሊቱ ወደ ናስ (በኔትወርክ የተገናኘ ማከማቻ) ይገለበጣል። ወደ 9 ቴራባይት የሚሆነው የሠራተኞች ፋይል ግን የመጨረሻ ምትኬው ያለፈው ወር ነው። መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈተ ባለ 4 ቴራባይት የዴስክቶፕ ሳታ ዲስክ አለ። ትክክለኛው ዲስክ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት እንደሚፈጅ አቅራቢው ነግሮኛል። አለቃዬ ደግሞ «አጥፍተሽ አስነሺው» ይላሉ።

አዲስ_ኔትወርክ (3፡34)

እህቴ፣ አትጨነቂ። የወደቀውን ዲስክ ንቀዪና መልሰሽ ክተቺው፤ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ካልተነሳ ከኮንትሮለሩ ሜኑ ውስጥ በግድ ኦንላይን አድርጊው። እርሱም እምቢ ካለ የመሳቢያውን ዲስክ አስገቢ፤ በራሱ ይገነባል። እኛ ጋ ሁልጊዜ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

የድሮ_ቴክኒሻን (3፡51)

ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ በዚህ ማሽን ላይ ሦስቱም ምክሮች ዋጋ ያስከፍላሉ።

ስሎት 3 ከስብስቡ መቼ እንደወጣ ገና አላወቅንም። ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ያረፈው በቀሩት አምስቱ ላይ ነው፤ እርሱ የያዘው አሮጌውን ነው። በግድ ሲነሳ ኮንትሮለሩ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ደባልቆ ትክክለኛ እንደሆነ አድርጎ ያቀርበዋል። የተደባለቀ ዳታቤዝ ደግሞ ወዲያው አያስታውቅም፤ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ነው ጉዱ የሚወጣው። በግድ ማንሳት የሚታሰበው ሁለት ዲስኮች ወድቀው ስብስቡ ጨርሶ ሲቆም ነው፤ ያኔም ቢሆን መጨረሻ ላይ የወደቀውን ከሎግ ለይቶ ነው።

የመሳቢያው ዲስክ አይሆንም። ፐርክ ሳስንና ሳታን፣ ሁለቱን የዲስክ ግንኙነት ዓይነቶች፣ በአንድ ቨርቹዋል ዲስክ ውስጥ አይቀላቅልም። ሳታ ስብስብ ቢሆን እንኳ አልመክርም ነበር። የዴስክቶፕ ዲስክ የማይነበብ ሴክተር ሲያጋጥመው ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ለሰርቨር የተሠራው ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ጉዳዩን ለኮንትሮለሩ ያስረክባል። ኮንትሮለሩ መልስ ሲያጣ ደህናውን ዲስክ ሞቷል ብሎ ያስወጣዋል።

አጥፍቶ ማስነሳትም ይቅር፤ ለአለቃሽ በአክብሮት አስረጂያቸው። ዓመታት ያለማቋረጥ የዞረ ዲስክ አንዴ ከቆመ ላይነሳ ይችላል፤ ስሎት 5 ካልተነሳ ደግሞ ስብስቡ አብሮት ይቀራል።

ይልቅስ መገልበጥ ጀምሪ። ዘጠኙን ቴራባይት እንዳለ አትልቀቂው፤ ቢጠፋ የማይተካውን አስቀድሚ። ጎን ለጎን የኮንትሮለሩን ሎግ ሙሉውን አውጥተሽ ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጪ። ሰርቨር ክፍል ማንም ገብቶ ዲስክ እንዳይነካም ተናገሪ። የዴል ስሎት ቆጠራ ከ0 ስለሚጀምር ስሎት 3 ማለት አራተኛው ነው። ከአንድ ጀምሮ ቆጥሮ ደህናውን ዲስክ የመዘዘ ባለሙያ አውቃለሁ፤ ሬይድ 5 ያንን አይምርም። ከመምዘዝሽ በፊት ከሶፍትዌሩ ላይ መብራቱን ብልጭ ድርግም አስደርጊና በዓይንሽ አረጋግጪ።

ፓሪቲ (4፡15)

የስሎት 5 ነገር ለምን እንደሚያስፈራ በቁጥር ላስቀምጠው። ሬይድ 5 የወደቀውን ዲስክ መልሶ የሚገነባው የቀሩትን አምስቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ነው፤ 20 ቴራባይት ማለት ነው። ለዴስክቶፕ ዲስኮች አምራቾች የሚጽፉት የማይነበብ ስህተት መጠን በ12.5 ቴራባይት ንባብ ቢበዛ አንድ ነው፤ ለሰርቨር ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ በ125 ቴራባይት አንድ። በሁለተኛው ብንሄድ እንኳ በአንድ መልሶ ግንባታ ውስጥ ስህተት የማግኘት ዕድል ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ይህ የአምራቹ የከፋ ግምት ነው፤ ደህና ዲስኮች በተግባር ከዚህ የተሻሉ ናቸው። ስሎት 5 ግን ስህተቱን ራሱ መዝግቦ ስላቀረበ በእርሱ ጉዳይ ዕድል ማስላት አያስፈልግም።

ፐርክ በግንባታው መካከል የማይነበብ ሴክተር ሲያገኝ ሥራውን አያቆምም። የጠፋውን ክፍል ከየትም ሊያሰላው ስለማይችል ያንን ስትራይፕ (በዲስኮቹ ላይ የተከፋፈለ የዳታ ረድፍ) «ፓንክቸር» ብሎ ይመዘግብና ያልፋል። ግንባታው ያልቃል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀዳዳው ግን አዲሱ ዲስክ ላይም ተላልፏል። ከዚያ በኋላ ዲስክ በዲስክ ብትቀይሪ አይጠፋም፤ ቨርቹዋል ዲስኩን ሰርዞ እንደ አዲስ ፈጥሮ ከምትኬ መመለስ ብቻ ነው የሚያጸዳው።

ሊኑክስ_ወዳጅ (4፡40)

ለዚህ ነው ኮንትሮለር አልወድም የምለው። ኤች730 ዲስኮቹን በቀጥታ ለሲስተሙ ወደሚያሳየው ኤችቢኤ ሁነታ ይቀየራል፤ ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሲስተም ጫኑበት፣ እያንዳንዱን ብሎክ በቼክሰም ያረጋግጥላችኋል።

የድሮ_ቴክኒሻን (4፡47)

ዜድኤፍኤስን እኔም እወደዋለሁ፤ ዛሬ ሰኞ የተቃጠለ ቤት ላይ ግን አዲስ ጣሪያ አናውጣ። ማሽኑም ዊንዶውስ ይመስለኛል።

ሰርቨር_ክፍል (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05)

አዎ፣ ዊንዶውስ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። የሰው ኃይል፣ የውልና የፕሮጀክት ፋይሎች ሌሊቱን ተገልብጠዋል። የቀረው በመሄድ ላይ ነው፤ በባለ አንድ ጊጋቢት መስመር ዘጠኙ ቴራባይት ከነጭራሹ አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይወስዳል።

ሎጉን አወጣሁ። ሁለት ነገሮች አስደንግጠውኛል። «ፓትሮል ሪድ» የሚባለው ተዘግቷል፤ ሎጉ ወደኋላ እስከሚደርስበት ድረስ አንድም ጊዜ የሮጠበት ምልክት የለም። የኮንትሮለሩ ባትሪም «ፌይልድ» ይላል፤ የጽሑፍ ስልቱ ከራይት ባክ ወደ ራይት ስሩ ተቀይሯል። ሒሳብ ክፍል ሲስተሙ ቀርፋፋ ሆነ እያለ ሲያማርር ነበር፤ ግንኙነት ይኖረው ይሆን?

የድሮ_ቴክኒሻን (4፡30)

ዋናው ጥፋት ያለው ፓትሮል ሪድ ላይ ነው፤ እስቲ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ሌሎችም ሰርቨራችሁን ሂዱና እዩ።

ሰው የሚፈራው ብርቱካናማ መብራት የበራበትን ዲስክ ነው። እርሱ ግን ጉዳቱን ተናግሯል፤ ሬይድ 5 የተሠራውም ለእንደዚያ ዓይነቱ ነው። የሚያጠፋን አረንጓዴ እያበራ ማንም ያላነበበው ዲስክ ነው። ከፋይል ሰርቨር ውስጥ በየቀኑ የሚከፈተው ጥቂት ነው፤ የሦስት ዓመት ሪፖርት፣ የድሮ ቪዲዮ፣ ባዶው ቦታ ራሱ ማንም ሳይነካው ይኖራል። እዚያ ያለ ሴክተር ሲበላሽ ዲስኩም ኮንትሮለሩም አያውቁም። ጎተራው እስኪከፈት ነቀዙ አይታይም። የሚከፈተው ደግሞ ሌላ ዲስክ ወድቆ መልሶ ግንባታው ሁሉንም እንዲነበብ ሲያስገድድ፣ ማለትም በማይሆንበት ሰዓት ነው።

ፓትሮል ሪድ የእያንዳንዱን ዲስክ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ሥራ ሲበዛ ራሱን ይገታል። ስብስቡ ሙሉ እያለ የተበላሸ ሴክተር ካገኘ ይዘቱን ከፓሪቲ (የጠፋውን ለማስላት ከሚቀመጠው ተጨማሪ መረጃ) አስልቶ መልሶ ይጽፈዋል፤ ዲስኩም ያንን ሴክተር በተጠባባቂ ይተካዋል። በፐርክ ላይ ከፋብሪካ ሲመጣ በየ168 ሰዓቱ፣ ማለትም በየሳምንቱ እንዲሄድ ተደርጎ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አስቦበት ነው የዘጋው፤ ምናልባት ሲስተሙ ሲዘገይ ምክንያቱ ይኸው ነው ብሎ። የዘገየው በባትሪው ነበር።

«ኮንሲስተንሲ ቼክ» ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ፓሪቲው ከዳታው ጋር መግጠሙን ያመሳክራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አሁን ግን አንዱንም አታስጀምሪ፤ ጎደሎ ስብስብ ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ባህርዳር_ሲስተም (5፡02)

የባትሪውን እኔ ልመልስ። ባትሪ ሲኖር ኮንትሮለሩ የሚጻፈውን ካሽ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ላይ ተቀብሎ «ጽፌያለሁ» ይላል፣ ዲስክ ላይ በኋላ ተረጋግቶ ያሰፍረዋል። ባትሪው ሲሞት ዲስኩ ራሱ እስኪጽፍ ይጠብቃል። በሬይድ 5 እያንዳንዷ ትንሽ ጽሑፍ አሮጌውን ዳታና አሮጌውን ፓሪቲ አንብቦ ሁለቱንም እንደገና መጻፍ ስለምትጠይቅ፣ አራት የዲስክ ሥራ ማለት ነው። ዳታቤዝ ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል።

«ፎርስ ራይት ባክ» የሚል ምርጫ ታገኛለህ፤ ባትሪ ባይኖርም ካሹን እንዲጠቀም ያስገድዳል። መብራት እንደ እኛ አገር በሚሄድበትና በሚመጣበት ቦታ አትንካው። ዩፒኤስ አለኝ የሚል ሰው አለ፤ የዩፒኤሱስ ባትሪ መቼ ነው የተፈተነው? መብራት ሲጠፋ ካሹ ውስጥ የነበረው አብሮ ይጠፋል፣ ዳታቤዙ ግን ተጽፏል ተብሎ ተነግሮታል።

አዲስ_ኔትወርክ (5፡10)

ባህርዳር፣ «ታገኛለህ» አልካት እኮ፤ እህታችን ናት። እኔ ሰኞ የጻፍኩት በሌላ ዓይነት ኮንትሮለር ስለሠራን ነው። ለማንኛውም የእኛንም ከፍቼ አየሁት፣ ፓትሮል ሪዱ ክፍት ነው።

ሪያድ_ዳታሴንተር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25)

ከሪያድ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ክሩን እያነበብኩ ፈርምዌርን (ዲስኩ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር) ማንም ስላላነሳው ገረመኝ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኤችፒኢ አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲ ሞዴሎቹ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ፣ ማለትም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ሲሞላቸው፣ ለዘለዓለም እንደሚሞቱ አስታወቀ። ዳታውም አብሮ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ከዚያ በፊት ኤችፒዲ8 የተባለውን ፈርምዌር መጫን ብቻ ነበር። ቁጥሩ 2 በራሱ ለ15 ጊዜ ሲባዛ (2^15) የሚሰጠው መሆኑን ስታዩ የቆጣሪ ጉዳይ እንደሆነ ይገባችኋል። በመጋቢት ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች ላይ 40,000 ሰዓት የሚል ሁለተኛ ማስታወቂያ ወጣ።

እዚህ ላይ ሬይድ 6ም ሬይድ 10ም አያድንም። በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን የተበሩ ዲስኮች ሰዓታቸው የሚሞላው በአንድ ቀን ነው። እኛ ሰርቨር ሲገዛ ከዲስኮቹ ገሚሱን ከሌላ ጭነት እንዲሰጡን እንጠይቃለን፤ ሁልጊዜ እሺ አይሉም።

ሰርቨር_ክፍል (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡45)

ግልበጣው አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ አደረ። ሮቦኮፒ ነው የምጠቀመው፤ አንድ ፋይል ላይ ቆሞ ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

ፓሪቲ (3፡52)

ሮቦኮፒ ካልነገርሽው በስተቀር ያልተነበበ ፋይልን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየመካከሉ 30 ሰከንድ እየጠበቀ። ያንን ሴክተር መላልሶ መደብደብ ደግሞ ስሎት 5ን ማድከም ነው። አቁሚው፤ የሙከራውን ቁጥር አንድ፣ ጥበቃውን አንድ ሰከንድ አድርጊ፣ ሎግ ፋይል ስጪውና እንደገና ልቀቂው። የተገለበጠውን ይዘልለዋል። ያልተነበቡትን ስም ከሎጉ ታገኚያለሽ፤ እነዚያን ካለፈው ወር ምትኬ ትመልሻለሽ።

ሰርቨር_ክፍል (ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ 8፡30)

አለቀ። ያልተነበቡት ጥቂት ፋይሎች ናቸው፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ያለፈው ወር ምትኬ ላይ ተገኝተዋል። የቀረው የስብሰባ ፎቶግራፍ ስለሆነ የሚያለቅስለት የለም።

ሌላ ቅርንጫፍ ውስጥ ከአገልግሎት ከወጣ ተመሳሳይ ሰርቨር ላይ ባለ 4 ቴራባይት ሳስ ዲስኮች ተገኝተው ሁለቱ መጥተውልኛል። አንዱን ባዶው ስሎት 6 ላይ ሳስገባው «ፎሪን» ይላል፤ ኮንትሮለሩም ኢምፖርት ላድርግ ወይስ ላጥፋ ብሎ ይጠይቃል። የቱን ልበል?

የድሮ_ቴክኒሻን (8፡41)

ዲስኩ የድሮ ቤቱን መረጃ ይዞ ስለመጣ ነው። ኢምፖርት ካልሽ የዚያን ሰርቨር ስብስብ ፍርስራሽ ያመጣብሻል። ማጥፋት ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ የሚያጠፋው ፎሪን የተባለውን ሁሉ ስለሆነ መጀመሪያ ዝርዝሩን እዪ። ፎሪን የሚለው ስሎት 6 ብቻ ከሆነ ቀጥዪ። የራስሽ ስብስብ ዲስክ ከመካከላቸው ካለ እጅሽን አንሺና እዚህ ጻፊ።

ስንት ሰዓት እንደሠራም ከዲስኩ መረጃ ላይ አንብቢ፤ የሚዲያ ስህተት ካለበት መልሺላቸው።

ፓሪቲ (8፡58)

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሙሉ ቅጂ እጅ ላይ ካለ መልሶ ግንባታ ለምን ያስፈልጋል? ስሎት 5 ላይ የማይነበቡ ቦታዎች ስላሉ ስብስቡ ፓንክቸር ሆኖ ነው የሚያልቀው፤ ከዚያ ለማንኛውም መሰረዙ አይቀርም። አሁኑኑ ሰርዞ በሬይድ 6 መጀመር ይሻላል።

የድሮ_ቴክኒሻን (9፡10)

ልክ ነህ፣ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ማታ ሰርቨሩን መዝጋት ከቻለ። ካልቻለ ግንባታው እስከ ቅዳሜ ድረስ አንድ ተጨማሪ ውድቀት የሚችል ትከሻ ይሰጣቸዋል። ቅጂው ላይ ደግሞ እምነቴ የሚመጣው ከውስጡ ፋይል ተከፍቶ ሳይ ነው፤ ዳታቤዙንም ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ አስነሱት።

ሰርቨር_ክፍል (ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ 10፡15)

አለቃዬ እስከ ቅዳሜ አይዘጋም ስላሉ ፎሪኑን አጥፍቼ ስሎት 6ን ሆት ስፔር (ተጠባባቂ ዲስክ) አደረግሁት፤ ግንባታው በራሱ ጀመረ። ኮንትሮለሩ ለግንባታው የሚመድበው አቅም (ሪቢልድ ሬት) 30 በመቶ ላይ ነው፤ ሥራ ሰዓት ላይ አልነካሁትም። ዳታቤዙን ሌላ ማሽን ላይ መልሼ ሒሳብ ክፍል ገብተው አይተውታል፣ ትክክል ነው ብለዋል። ግንባታው ከቀትር በኋላ አለቀ፤ ፓሪቲ እንዳለው ሎጉ ላይ ፓንክቸር ተመዝግቧል።

ነገ ሰርዤ እንደገና እፈጥራለሁ። በስድስት ዲስክ ሬይድ 6 16 ቴራባይት፣ ሬይድ 10 ደግሞ 12 ቴራባይት ይሰጠኛል። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ባህርዳር_ሲስተም (10፡32)

ዳታቤዙ ትንሽ ከሆነ ሬይድ 6፤ የትኞቹም ሁለት ዲስኮች ቢወድቁ ይችላል። ሬይድ 10 ጽሑፍ ላይ ይፈጥናል፣ ግን ሁለቱ የወደቁት ጥንዶች ከሆኑ አለቀ። ዲስክ ሳምንታት ጠብቆ ለሚያገኝ ሰው እኔ ከሬይድ 6 አልወርድም። ባትሪውን ሳትቀይሪ ግን አትጀምሪ፤ ሬይድ 6 ያለ ካሽ ሲጽፍ ከሬይድ 5ም የባሰ ይዘገያል።

የድሮ_ቴክኒሻን (10፡50)

እስማማለሁ። ስሎት 5ን አውጥተሽ ሁለተኛውን ዲስክ ተኪበት። ሲፈጠር «ፋስት» የሚለውን አትምረጪ፣ ሙሉ ኢኒሺያላይዝ ይሁን፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከቅርንጫፍ የመጡትን ሁለቱን ጨምሮ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ይጽፍባቸዋል፤ ደካማ ካለ ባዶ እያለ ይታወቃል። ቀጥሎ ፓትሮል ሪድ ወደ አውቶ ይመለስ።

አቅራቢው ያዘዝሽውን ዲስክ ሲያመጣ ስሎት 7 ላይ ሆት ስፔር አድርጊው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ እስኪወድቅ አትጠብቂ፣ አትምዘዢም፤ «ሪፕሌስ ሜምበር» የሚለው ትእዛዝ ስብስቡ ሙሉ እንደሆነ ይዘቱን በቀጥታ ወደ ተጠባባቂው ይገለብጠዋል። እስካሁን ማስጠንቀቂያው ለምን አልደረሰሽም? አይድራክ (የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ) ኢሜይል ይልካል እኮ።

ሰርቨር_ክፍል (11፡05)

ይልካል። የሚልከው መሥሪያ ቤቱን ለቅቆ ለሄደ ባለሙያ አድራሻ ነው፤ የስሎት 5 የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ከወራት በፊት ወጥቷል። አሁን ለሦስት ሰዎች የጋራ አድራሻ አዙሬዋለሁ፣ የሙከራ መልእክትም ደርሶናል።

አዲስ_ኔትወርክ (11፡12)

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ የእናንተው ውሻ እንኳ በሰዓቱ ጮኋል፣ የሰማው አጥቶ ነው።

ሰርቨር_ክፍል (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00)

ሬይድ 6 ተፈጥሯል፣ ባትሪው ተቀይሮ ራይት ባክ ተመልሷል። ሙሉ ኢኒሺያላይዙ ያለ ስህተት አልቆ ፋይሎቹ ከናሱ እየተመለሱ ነው። ዳታቤዙ ቀድሞ ስለገባ ነገ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ይሠራል።

ጎንደር_01 (እሑድ፣ 4፡40)

ክሩን አሁን ነው ያገኘሁት። የእኛ ኤችፒ ጄን9 ነው፤ ስማርት አሬይ ኮንትሮለር አለው። አንዱ ዲስክ ብርቱካናማ ሆኗል፣ ከጎኑ ባሉት ላይ ግን ነጭ መብራት በርቷል። እነሱንም ልቀይራቸው?

የድሮ_ቴክኒሻን (4፡44)

ነጩ መብራት «አትንቀለኝ» ማለት ነው፤ ያ ዲስክ ከወጣ ስብስቡ ይወድቃል። ብርቱካናማውን ብቻ ነው የምትቀይረው፣ ከምትኬ በኋላ። አዲስ ክር ክፈትና የኮንትሮለሩን ሪፖርት ለጥፍልን።